ጨው አቀባዩ

«ዓሣና ወሬ አይገቡም አብረው ባንድ ጉሮሮ፤
ወይ አውሪና ተራቢ፣ ወይ ብይና ዝም በይ»
ትለኝ ነበር እናቴ ድሮ።

ልየውን ስላላየች ነው።

እኔ ያኔ አስተናጋጅ፣ ሐይቁ ዳር፣ ከሾላው ሥር፤
ሦስት ጠረጴዛ ይዤ፣ አራተኛው ድንጋይ ነበር።
ልየው ደግሞ ትኬት ቆራጭ፣ ጎርጎራ በሚሄደው ጀልባ፤
ጀልባው ታስሮ፣ ቀኑ መሽቶ፣ ሻንጣውን ይዞ ሲገባ
ወንበር ይሳብ ነበር ከየአቅጣጫው፦
«ልየው፣ እዚህ!» «የለም የለም፣ ትናንትም ወስዳችሁታል፣ ዛሬ ተራው የኛ ነው!»

አንድ ሹም ነበር፣ ሲናገር ዘይቱ ሰሃን ላይ የሚረጋ፣
ከስብሰባ የተረፈውን ራታችን ላይ የሚዘረጋ፤
አንድ ደላላም፣ ቀልዱን ሳይጨርስ ራሱ የሚስቅ ቀድሞ።
ልየው ለሁለቱም ሳቀላቸው፤ ከሁለቱም ራቀ ደግሞ።

ሰው ሁሉ ተናጋሪ ነው፤ ሐይቁም ሌሊት ይናገራል።
ልየው ግን ቆሮሶ ሲበላ ወሬውን ባጥንት ይለካል፦
ሁሉም ጎንበስ ሲል ሊፈለፍል፣ ጣትና ዓይን ሲጠመድ፣
ያኔ ነው የሚጀምር፣ ቀስ ብሎ፣ እርጥብ እንጨት እንደሚነድ።
«አንዲት ሴት ነበረች» ይላል፣ «ከደቅ ደሴት ተሳፋሪ፣
ሁለት ትኬት የምትቆርጥ፤ አንዱ ለሷ፣ አንዱ ለቀሪ…»
ጉርሻው ወደ አፍ ሲቀርብ፣ እሱ ቃሉን ያቆመዋል።
በሠላሳ ዓመት ጨዋታው አንድ ሰው አጥንት አልወጋውም፤
ይህን ሐኪም ቤቱም ያውቃል።

ጨርሶም አይጨርስም።
አንዲት ቀጭን አጥንት ይተዋል፣ ነገ እንድንመጣባት።
(ያች የደቅ ሴት ለማን ነበር የምትቆርጠው ያን ትኬት?)

አንድ ልማድ ነበረው፤ ልብ ያልኩት ግን ኋላ ነው፦
ጨዋታው ሲበቃው፣ የጨዋን ሰሃን በጣቱ፣ ወደ አንድ ሰው
ገፋ ያደርጋታል። በቃ። ያ ሰው ጨው ቆንጥሮ ሳይቀምስ
ነገር ያመልጠዋል ካፉ፣ ሳያስበው፣ እንደ ማስነጠስ።

አንድ ማታ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ መነጽሩን እየጠረገ፣
«ላንተ ዓይነቱ ሰው» አለው፣ «በፈረንጅ አፍ ስም አለው፣ መዝገብ ውስጥ የተሸሸገ፤
በገበታ ላይ ጨዋታ የተካነ ሲሉ…» ብሎ ቃሉን ሞከረው።
ሁለቴ ተደናቀፈ። በሦስተኛው ሳል ያዘው።
ልየው ጀርባውን መታ መታ አደረገለትና
«ቆይ ጋሼ» አለ፣ «ይሄ ቃል ከነአጥንቱ ነው ገና፤
መጀመሪያ ይፈልፈል። የኛው ይሻላል፣ እሾህ የለበት፤
ጨዋታ እንላለን እኛ፤ ስትጠራው እንኳ ጨው አለበት።»

ከዚያ ክረምት ሆነ። ሐይቁ ሞላ፣ የድንጋይ ጠረጴዛዬን ውጦ።
ሰማን፤ ልየው ከሆስፒታል ወጣ፣ ድምፁ እዚያው ቀርቶ፣ ተቆርጦ።
«ቆራጩ ተቆረጠበት» ብሎ ቀለደ አንድ ባለጌ፤
ማንም አልሳቀ። ሂሳቡን፣ ሳይጠራኝ፣ ሰጠሁት ፈልጌ።

በመስከረም መጣ፤
አንገቱ ላይ ነጭ ፎጣ፣ ሸሚዙ ሰፍቶት እንደ መረብ።
ወንበር የሚስብ ጠፋ። ሰው ሁሉ ጎረሰ፣ ጠግቦም እንደሚራብ።
እሱ ግን አለፈን። ሄዶ ጥጉ ላይ ተቀመጠ፣
ጓንጉል ፊት፣ ጎማ ጠጋኙ፤ አሥራ አንድ ዓመት እዚህ በልቶ፣
አንድ ቃል ሳይል የሮጠ።

ቆሮሶው መጣ። ሎሚው መጣ። ልየው እንግዲህ ምን ይላል?
የጓንጉል ጣት ግራሶ ጠጥቷል፤ ያንን ጣት ዝም ብሎ ያያል።
ከዚያ
ያችን ሰሃን
ገፋት።

ጓንጉል ጨውን አየ። ልየውን አየ። ወደ ውኃው አየ።
ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደ ዛገ በር፣ ሳይከፈት እንደቆየ።
«እናቴ» አለ፣ «የደቅ ሰው ነበረች።
ባሕር ዳር ስትመጣ ሁልጊዜ…» ብሎ አጥንት አወጣ ከአፉ፣
አስቀመጣት ከሰሃኑ ጫፉ።

ከኋላዬ ወንበር ሲሳብ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ሁሉ።
እኔም ትሪ ይዤ ቀረሁ፣ እንደ ቆምኩ።
የቀረውን? እሱን ነገ።
ዓሣው እየቀዘቀዘ ነው፤ ብሉ።